ለሰው ነው የምጠይቅሽ

«እንዴት አደርሽ ሊያዬ? ደህና ነሽ ልጄ? እናትሽስ፣ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ተመስገን። ዝናቡን አየሽው ግን? ነሐሴ ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀርቶት ገና ሐምሌ ነኝ ይላል እኮ! ከጎፈር ሜዳ እስከዚህ በባጃጅ መጣሁ ልበልሽ ወይስ በጀልባ? ሹፌሩ ደግሞ ሲስቅ ባየው ጥርሱ ሙሉ ሽቦ! አይ ሆሳዕና… ድሮ ሽቦ ለአጥር ነበር፤ አሁን አፉን ያላጠረ ማን ቀረ? ቢታጠር ይሻላል መሰለኝ። አንዳንዱ አፍ አጥር አጥቶ አይደል እንዴ ሲፈነጭ የሚውለው?»

ይህን ያለችው የቅቤ ነጋዴዋ ሂሩት ናት። ከውስጠኛው ክፍል ወጥታ፣ ወንበር ስባ ከሊያ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጠች። ሊያ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው የጥርስ ክሊኒክ ካርድ የምታወጣ፣ ተራ የምታስይዝ፣ የሰውን ሁሉ ጥያቄ የምትመልስ ልጅ ናት። ጥርስ በሽቦ የሚያስረው ዶክተር ኃይሉ ከአዲስ አበባ የሚመጣው በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ብቻ ስለሆነ በዚያ ቀን መቀመጫ አይገኝም ነበር፤ ያን ጠዋት ግን ዝናቡ ሰዉን አስቀርቶት ሁለት ሰዎች ብቻ ተቀምጠዋል። አንዱ ጉንጩ ድንች የጎረሰ ያህል ያበጠ የሙዱላ ገበሬ ነው። ሁለተኛዋ በመስኮቱ በኩል፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ፣ ትንፍሽ ሳትል የተቀመጠችው ወይዘሮ አድነች ናት። ይህ ወሬ የእሷ ነው።

አድነች ገጣጣ ናት ማለት ነውር ነው፤ ጥርሶቿ ከእሷ ትንሽ ቀደም ብለው ይደርሳሉ ቢባል ይሻላል። አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ ከነሱ ጋር በሰላም ኖራለች። በእነሱው ስቃ አግብታለች፣ በእነሱው ተቆጥታ የሆሳዕናን ግማሽ ልጅ አስተምራ ምክትል ርዕሰ መምህርት ሆናለች። ዘንድሮ ግን አባቱ የሞተበትን አንድ ልጇን ሲላስን ልትድር ቆርጣ ተነስታለችና የሠርግ ፎቶ በዓይኗ ይመጣባት ጀመር። ፎቶው ውስጥ ከሙሽሮቹ ጎን የምትቆመው እናት አፏን መዝጋት አልቻለችም።

ዶክተሩን የጠየቀችው ሁሉም ሰው የሚጠይቀውን ነው። ያማል ወይ? ዕድሜዬስ አላለፈም? ስንት ጊዜ ይፈጃል? እሱም ለሁሉም የሚመልሰውን መለሰላት፤ ድዱ ጤነኛ ከሆነ ዕድሜ አይከለክልም፣ ዓመት ከመንፈቅ ግድም ይወስዳል፣ ለጥርሶቹ መግቢያ ቦታ እንዲገኝ ግን ከላይ ሁለት መውጣት አለባቸው። አድነች በጣቷ ቆጠረች። ከመስቀል በኋላ ሽማግሌ ደግማ ትልካለች፣ ሠርጉን ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ታደርገዋለች፣ እስከዚያ ሽቦው ይወልቃል። የልጇን ሠርግ በራሷ ጥርስ የቀጠረች እናት እሷ የመጀመሪያዋ ሳትሆን አትቀርም። «ይውጡ» አለች፤ ወጡ። «በሉ ይህን ጥጥ ነክሰው አርባ ደቂቃ ይቀመጡ» አላት ዶክተሩ፤ «አያውሩ፣ አይትፉ። ካወሩ ደሙ አይቆምም።»

እንግዲህ አፏ በጥጥ ተሞልቶ በተቀመጠች በአሥር ደቂቃው ነው፣ እሷ በሌላው ክፍል ጥርስ ስታስነቅል ገብታ የነበረችው ሂሩት ብቅ ያለችው። የምትሸሸው ሰው አንድ ብቻ ቢኖር እሷ ነበረች።

ምክንያቱን ሳይናገሩ ማለፍ አይቻልም። የዛሬ አሥራ አራት ወር ነው። ሲላስ የሂሩትን ልጅ ሮዳስን ወደደ። አድነች ልጅቷን አልጠላቻትም፤ ትምህርቷን፣ ጠባይዋን፣ በመዘምራን መካከል ያላትን ድምፅ ትወድላታለች። ብቻ ሮዳስ ድርብ ጥርስ ነበራት፤ አንዱ የላይ ክራንቻዋ ከጓደኛው በላይ ወጥቶ ተቀምጧል። ሲላስ ሲወዳት እሱን ጭምር ነበር የወደደው። አድነች ግን በአገር ደንብ ሽማግሌ ስትልክ መልእክቱ ጫፍ ላይ አንዲት ነገር ቀጠለች፦ «ልጅቷ ጥርሷን ታስተካክልና ከዚያ ቀን እንቆርጣለን በሏቸው።» እንዲህ ያለውን ነገር ሴት ለሴት በጓሮ በር ቢነጋገሩት ያልፋል። ሽማግሌ ግን ልማዱ የተላከበትን ሳይሸራርፍ ማድረስ ነው። ጋሽ ዕንባቆም ተነስተው፣ ጸልየው፣ አጎት አክስት ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ሮዳስ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ እየሰማች፣ ቃል በቃል አደረሱት።

ሲላስ ይህን ሲሰማ «እሺ እማዬ» ብሎ ግብርና ቢሮ ወደሚሠራበት ወደ ጃጁራ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩን አንስቶ አያውቅም። አድነችም ዝምታውን መታዘዝ ብላ ተረጎመችው። በማስተማር ብዙ የቆየ ሰው ዝም ያለ ልጅ ሁሉ የገባው ይመስለዋል።

ሂሩት አድነችን አይታታለች። ያላየቻት መሰለች፤ ጀርባዋን ግማሽ አዙራ ወደ ሊያ ጠጋ አለች።

«ልጄ ውስጥ ናት፤ ሮዳስ። ሽቦውን እየፈቱላት ነው። እኔ እዚያ መቆም አልቻልኩም፤ ያ ማሽን ሲጮኽ የኔን ጥርስ ነው የሚያመኝ። እስክትወጣ አንቺን ትንሽ ልጠይቅሽ እስቲ። ለኔ እንዳይመስልሽ! እኔማ ባለኝ እየቆረጠምኩ ልሙት። ለሰው ነው የምጠይቅሽ። አንዲት የማከብራቸው ትልቅ ሰው አሉ… አታውቂያቸውም። ሩቅ ናቸው። በጣም ሩቅ።»

በሁለቱ ሴቶች መካከል አንድ ጃንጥላ ቢዘረጋ ቦታው ይሞላ ነበር። ደግሞ «ትልቅ ሰው» አለች እንጂ ሂሩት አድነችን በሁለት ዓመት ትበልጣታለች። ሃያ ዓመት አንቺ ሲባባሉ ኖረው ዛሬ «እሳቸው» መባሉ ከተነቀሉት ሁለት ጥርሶች ይልቅ አመማት። ቢሆንም አድነች፣ እኔን ላይሆን ይችላል፣ አለች በሆዷ። ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ ተስፋ አይቆርጥም።

«መጀመሪያ፣ ያማል ወይ ብለው ይጨነቃሉ። ምን ልበላቸው? ሮዳስን እንዳየኋት ጭንቁ የመጀመሪያው ሳምንት ነው። ገንፎ ትበላለች፣ ታለቅሳለች፣ ይለመዳል። በየወሩ ሲያጠብቁት ደግሞ ሁለት ቀን። አይደለም እንዴ? እኔማ 'አይዞዎት' እላቸዋለሁ፤ 'የሽቦ ሕመም ቀን አለው' እላቸዋለሁ። ቀን የሌለው የቃል ሕመም ነው። አሁን ለምሳሌ ሰው ተሰብስቦ፣ ጸሎት ተደርጎ፣ ቆመው የተናገሯት አንዲት ቃል… ያቺን የሚፈታ ሐኪም አዲስ አበባም የለ አሉ። አለ እንዴ ሊያ? እስቲ ዶክተሩን ጠይቂልኝ።

«እንዲህ ስልሽ ግን ክፉ እንዳይመስሉሽ! ኧረ አሳቢ ናቸው። ለሰው ልጅ ጥርስ እንዲህ የሚያስብ ሰው እኔ በዕድሜዬ አላየሁም። ሌላው ሰው ልጅ ሊያጭ ሲመጣ ዘሩን ይጠይቃል፣ ጠባይዋን ይጠይቃል፣ ሥራ ታውቃለች ወይ ይላል። እሳቸው ቀጥታ አፏ ውስጥ! ዓይናቸው ደግሞ አይጣል ነው፤ የሰው ክራንቻ ከሦስት ቀበሌ ማዶ ይታያቸዋል። የቅርቡን ብቻ ነው እንዲያው… መስታወት ቤታቸው ተሰብሮ እንደሆን እንጃ።»

ሊያ ካርዶቿን መደርደር ጀመረች። ተደርድረው ያለቁ ካርዶች ነበሩ፤ በትናቸው እንደገና ደረደረቻቸው። ብልህ ልጅ ናት፤ ሁለቱንም ሴቶች ታውቃለች፣ እናቷም የሁለቱም ጎረቤት ናቸው። የሙዱላው ሰውዬ ግን ምንም ሳይገባው ለእያንዳንዱ ቃል ራሱን ይነቀንቅ ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ አፉ ጤነኛ የሆነ ሰው ሂሩት ብቻ ስለሆነች የሚያቋርጣት አልተገኘም።

«ሁለተኛው ዕድሜ ነው። 'አላለፈብኝም ወይ?' ይላሉ። ምን ማለት ነው! አያልፍም አይደል? ሰው ለመማር መቼ ያልፍበታል? እንዲያውም እኔ ደስ ነው ያለኝ። የሌላውን አስተካክሎ ሲጨርስ ወደ ራሱ የሚመለስ ስንት ሰው አለ? ትሕትና ነው። 'የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች' የሚሉ አሉ፤ እኔ አልልም። የሰውን ማማሰል ቀላል መሰለሽ? ጉልበት ይፈልጋል። ያውም ያለ ማማሰያ… በሽማግሌ!»

ሰውዬው ሳቀ፤ ወዲያው ጉንጩን ይዞ አቃሰተ። አድነች በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። መናኸሪያው ውስጥ ረዳቶች በዝናብ ውስጥ «ዱራሜ! ዱራሜ!» ይላሉ። ተነስታ የመጣላትን መኪና ብትሳፈር ደስ ባላት። ግን ከዚህ ከተነሳች ነገሩ እኔን ነው ብላ መፈረሟ ነው። አሽሙር ባለቤት የለውም፤ የተነሳለት ሰው ነው ባለቤቱ።

«ደግሞ ጥርስ ይነቀላል ወይ ይላሉ። ጤነኛ ጥርስ እኮ ነው! ዶክተሩን ጠየቅኩት፤ ቦታ ሲጠብ ይነቀላል አለኝ። ለሮዳስ አልነቀሉላትም። 'የልጅቷ መንጋጋ ሰፊ ነው፣ ለሁሉም ይበቃል' አለኝ። ተፈጥሮ ነው እንግዲህ፤ አንዳንዱ ሁሉን የሚያስቀምጥበት ቦታ አለው። አንዳንዱ ደግሞ የራሱን ለማስገባት የግድ ሌላውን ማውጣት አለበት… ጥርስ ነው የምልሽ። ጥርስ ማውጣት።»

አድነች ጥጡን ነከሰች። ዶክተሩ ያዘዘውም ይህንኑ ስለነበር ሕክምናው እንኳ በደንብ እየሄደ ነው።

«ምግቡስ? ምን ምን ይከለከላል? ቆሎ አይሆንም፣ ሸንኮራ አይሆንም፣ አጥንት መጋጥ የለም። ሮዳስ አንዴ በቆሎ እሸት ስትግጥ ሽቦዋ ተነቅሎ ስንት ቀን ተሰቃየች! እኚህ ሰው ግን አይቸገሩም። መስቀል ደርሷል፣ አታካና እያለ ምን አሳሰባቸው? ቅቤና አይብና ቡላ ነው፤ ለስላሳ፣ ጥርስም አይፈልግ። ቅቤውን እንዲያውም ከቤቴ እልክላቸዋለሁ፤ ለእሳቸው ያልሆነ ቅቤ! ጠንከር ያለ ነገር ሲገጥማቸው ብቻ ይጠንቀቁ በያቸው። ይሉኝታ ለምሳሌ… እሱ ለሽቦ ይከብዳል አይከብድም? እሳቸው እንኳ ቀምሰውት የሚያውቁ አይመስለኝም።

«አዎ፣ ሽቦው ጉንጭ ሲወጋ የሚለጥፉበት ሰም ትሰጣላችሁ አይደል? ለእሳቸውም እንዳትረሺ። ሰሙን ስጪያቸው ብቻ፤ ወርቁን ራሳቸው ያገኙታል። የተማሩ ናቸው።»

ሊያ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ጠረጴዛ ሥር ጎንበስ ብላ ያልወደቀ እስክሪብቶ ፈለገች። አድነች አየቻት። ይህች ልጅ ስምንተኛ ክፍል ሳለች አስተምራታለች፤ ሰምና ወርቅንም ያስተማረቻት እሷው ራሷ ናት።

«ሌላው ደግሞ… ሽቦ አድርጎ መዘመር ይቻላል ወይ የሚለው ነው። ይህን እሳቸው አልጠየቁኝም፤ እኔ ነኝ የምጠይቀው። ይቻላል፤ አይደል ሊያ? ምንም አያደርግም። ድምፅ ከጉሮሮ ነው እንጂ ከጥርስ አይወጣ። ታዲያ ልጄ ለምን…»

እዚህ ላይ የሂሩት ድምፅ ተለወጠ። ቀልዱ ከፊቷ ላይ ወረደና ከሥሩ የነበረው ታየ፤ የደከማት እናት ፊት ነበር።

«ልጄ ለምን ከፊት መስመር ወደ ኋላ ሄደች? ሽቦውን ሳታስር እኮ ነው የሄደችው። ያቺ ቃል በመጣችበት ሳምንት። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትዘምር ጀመር። ቤት ውስጥም ስትስቅ በነጠላ ትሸፍናለች። ከአባቷ! ከወለዳት አባቷ ፊት! ባሌ ማቴዎስ አንድ ቀን ምን አለ መሰለሽ፤ 'ይህች ልጅ ስትስቅ ካየኋት ስንት ጊዜ ሆነ?' አለና ወጥቶ ጓሮ ቆመ። እኔ 'ለሰው ብለሽ ከሆነ ተይው ሮዲ፣ አትታሰሪ' ብያታለሁ። 'ለራሴ ነው እማ' አለችኝ። ለራሷ ይሁን ለማን እሷ ታውቃለች። አሥራ አራት ወር ሊያ… አሥራ አራት ወር እኔ ቤት ሳቅ የለም።»

የሙዱላው ሰውዬ እንኳ መነቅነቁን ተወ። አድነች ይህን ሁሉ አይታለች፤ በየእሑዱ፣ ከሁለተኛው ወንበር ተቀምጣ። እጇን በአፏ ላይ ያደረገችውን ልጅ እያየች «ሲስተካከል ይረሳል» ስትል ነበር። አሁን ከጥጡ ጀርባ «ይቅርታ» የምትል ቃል መጥታ ቆመች። አፏ ቢፈታ ያን ጊዜ ትናገራት ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ትናገራት ነበር። ግን አሥር ደቂቃ ይቀራታል፣ ሂሩት ደግሞ ትንፋሽዋን መልሳ አገኘች።

«ዋናውን ረስቼ! ከወለቀ በኋላ ተመልሶ ይጣመማል ወይ? ይህ ነው ትልቁ ጥያቄ። ዶክተሩ፣ ጥርስ የነበረበትን ቦታ አይረሳም ነው የሚለኝ። ሽቦው ሲወጣ ሲተኙ የሚያጠልቁት ማስያዣ አለ፤ እሱን የተወ ሰው ቀስ እያለ ወደ ድሮው ይመለሳል። 'የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ' ማለት አይደል? ለሮዳስ ችግር የለም፤ እሷ ጠንቃቃ ናት። ለእኚያ ሰው ነው የማስበው። እሺ ጥርሳቸው ገባ እንበል፤ አንደበታቸው ተመልሶ ቢወጣስ? ለእሱም የሚሆን ማስያዣ ታመጣላችሁ ወይስ ያው በገዛ ጥጣቸው ይቆያሉ?»

አድነች «ጥጥ» ስትሰማ ተስፋዋ ሁሉ ረገፈ። በዚህ መሃል ከውስጠኛው ክፍል ሳቅ ተሰማ። የሴት ልጅ ሳቅ ነው፤ ሙሉ፣ ያልተሸፈነ፣ በር የማያግደው ሳቅ። ሂሩት ዓይኗን ጨፍና አዳመጠችው። ቀጥሎ ከእሱ ጋር አንድ የወንድ ሳቅ ተነሳ፤ መጨረሻው ላይ እንደ ሳል የሚቆራረጥ። አድነች ቀና አለች። እንዲህ የሚስቅ ሰው በሕይወቷ ሁለት ብቻ ታውቃለች። አንደኛውን ቀብራዋለች።

«ሰማሽው? እጮኛዋ ነው! ኧረ ልጁ አይጠገብም ሊያ፤ አንቺው ታውቂው የለ? በየወሩ በዚችው ቅዳሜ ከጃጁራ በመጀመሪያው ሚኒባስ ይመጣል። ስትታሰር እጇን ይዞ፣ ስትጠበቅ እጇን ይዞ፤ አንድ ወር አልቀረም። ለእናቱ ምን እንደሚላቸው ግን ታውቂያለሽ? 'ስብሰባ አለብኝ።' እናቲቱም ኮርተው፣ 'መሥሪያ ቤቱ ያለ ልጄ አይሰበሰብም' ብለው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሲያወሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እውነታቸውን እኮ ነው! ያለ እሱ የማይሆን ስብሰባ ነበር።»

አድነች ይህን ቃል ብላዋለች። ባለፈው ወር፣ በግቢው ውስጥ፣ ለአምስት ሴቶች። ሲላስ «ስብሰባ» ባለ ቁጥር ዳቦ ጋግራ ትልክለት ነበር። ዳቦውን እነማን ሲበሉት እንደከረሙ አሁን ገባት። ነጠላዋ ከአፍንጫዋ ላይ ወረደ፤ አላነሳችውም።

«እንግዲህ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፤ አደከምኩሽ። ስንት ጊዜ ይፈጃል? ዛሬ የጀመረ ሰው… እንዲያው ለጥቅምት ሃያ ይደርስለታል? አይደርስም? ወይኔ! እንዴት ያሳዝናል። ጥቅምት ሃያ እኮ ፎቶ አለ። ነገ እሑድ የጋብቻው ማስታወቂያ በጉባኤ ፊት ይነበባል። የልጁ አጎት በአባት ቦታ ቆመው፣ ሽማግሌ ይዘው መጡ። እኔ ደግሞ አንዴ የተቃጠልኩ ስለሆንኩ መጨረሻ ላይ ምን ይሉ ይሆን ብዬ ተንቀጥቅጫለሁ። ምን አሉ መሰለሽ? 'ልጃችሁን እንዳለች ስጡን።' እንዳለች! ይህን ስሰማ እኔም አለቀስኩ፣ ማቴዎስም አለቀሰ።

«'እናቱስ አልተጠየቁም ወይ?' እንዳትዪኝ። ምን ብለን ደግመን እናስቸግራቸው? የእሳቸውን ፈቃድ ከአሥራ አራት ወር በፊት ሰምተናል። 'ጥርሷ ሲስተካከል ቀን እንቆርጣለን' ብለዋል። ይኸው ተስተካከለ፣ ይኸው ቀን ተቆረጠ። ቃላቸውን እንደ ትልቅ ሰው ቃል ጠብቀን ነው።»

ሊያ ሰዓቷን አየች። ከዚያ ወዲያ መቀመጥ ስላቃታት ተነስታ ወደ መስኮቱ መጣችና ዝቅ ብላ፣ «አርባው ደቂቃ ሞልቷል ቲቸር» አለቻት። «ጥጡን ማውጣት ይችላሉ። አሁን ማውራትም ይችላሉ።»

አድነች ጥጡን በሶፍት አወጣች። ደሙ ቆሟል። አሁን አፏ የራሷ ነው። ሃያ አራት ዓመት ያናገራት አፍ፣ ወላጅ የሚፈራው፣ ዳይሬክተር የሚጠነቀቀው አፍ። «ልጄ ነው!» ብላ ብትጮኽ በሩ ቅርብ ነው፤ ገብታ እጁን ብትይዘው የሚከለክላት የለም። ግን ምን ብላ ትጀምር? «እኔ ነኝ የተባልኩት» ብላ? «ይቅርታ» የምትለዋን ቃል ፈለገቻት፤ ከአሥር ደቂቃ በፊት እዚያው ነበረች። አሁን ስትወጣ ልመና ትመስላለች፤ ለፎቶ ቦታ የምትለመን ልመና።

ሂሩት ተነሳች። ቀሚሷን አራገፈች፣ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰች። ያን ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ዞራ አድነችን ፊት ለፊት አየቻት። ፈገግታዋ ያን የድሮውን፣ አንቺ የሚባባሉበትን ዘመን ፈገግታ ይመስል ነበር። እንደ ልማዷ ሁለት እጆቿን ዘርግታ ክፍሉን በሙሉ መረቀች።

«በሉ ልጆቹ ሊወጡ ነው። ተባረኩ። እናንተም ለእኚያ ለሩቋ ሰው በጸሎታችሁ አስቧቸው፤ እኔ ቂም አላውቅም። ጌታ ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። ጥርሳቸውን ያሳምርላቸው፣ ሳቃቸውን ያብዛላቸው። ለልጃቸው ሠርግ ያብቃቸው፤ ከእንግዶቹ ሁሉ ከፊት ያስቀምጣቸው። የልጅ ልጅ ይስጣቸው… ሴት ልጅ፣ የእናቷን የድሮ ጥርስ ይዛ የምትወለድ። እሷም እላያቸው ላይ ተቀምጣ፣ አፏን ሳትሸፍን፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ትሳቅላቸው!»

በዚያ አገር ምርቃት ሲወርድ አሜን ሳይል የሚቀር ሰው የለም። የሙዱላው ሰውዬ ባበጠ ጉንጩ፣ ከልቡ፣ «አሜን» አለ። ሊያም አለች። ከዚያ ሦስቱም ወደ አድነች ተመለከቱ።

«አሜን» አለች አድነች።